«ወፈረ» ያልነው ልጅ

የጉዴሌ ወገኖቼ፣ በውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችንም፣ ረዘመ ብላችሁ እንዳታልፉት። የምትቆጡብኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተቆጡ፣ ግን ጨርሱት።

ባለፈው ወር አንዲት እህታችን የዓመት ተኩል ልጇን አዝላ ቡና ልትጠጣ መጣች። ሲከሳ የከረመው ልጅ ፊቱ ሞልቷል፣ እግሩ ደንደን ብሏል። «ዱቄቱ ሠራ!» አለች። «እሰይ!» አልን። እኔም አልኩ፤ አስተማሪ ተብዬው። ዱቄቱን ያዘዘላት በቴሌግራም «የሥነ ምግብ አማካሪ ነኝ» የሚል ሰው ነው። የሚሸጠውም እሱ ራሱ ነው። ገንዘቡን የላከችው ካናዳ ያለችው የልጁ አክስት ናት። ሁለት ቆርቆሮ፣ 90 ዶላር።

ቡናው ላይ አንዲት ደቡብ ሱዳናዊት ነርስ ነበረች፣ ጎረቤታችን። ዝም ብላ ልጁን ተቀበለችና ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣቷ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭና ለቀቀች። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። ውፍረት አልነበረም፣ እብጠት ነበር። በሁለቱም እግር ላይ እንዲህ ጎድጉዶ የሚቀር እብጠት፣ ልጁ የቱንም ያህል ቢመዝን፣ የከፋ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። በዚያው ሰዓት በቦዳ ቦዳ ወደ አል ሳባህ የሕፃናት ሆስፒታል ወሰድነው። ተርፏል፣ ተመስገን።

አሁን «እናትየው ናት ጥፋተኛዋ» የምትሉ ዝም በሉልኝ። ያ «አማካሪ» ልጁን ያየው በፎቶ ነው። ክንዱን አልለካም፣ እግሩን አልነካም፣ «ይበላል ወይ?» ብሎ እንኳን አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ብሩን በምን ትልካላችሁ?»

«ዱቄት ቢጠቅም እንጂ ምን ይጎዳል?» ትሉኛላችሁ። ይጎዳል። እንዲህ የተጎዳ ሕፃን ሰውነቱ ብዙ ፕሮቲን መሸከም አይችልም። ሆስፒታል ሲተኛ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባል ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ያለው፣ ፕሮቲኑ ሆን ተብሎ የተቀነሰ፣ በየጥቂት ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ። ወደ ጠንካራው ምግብ የሚሸጋገረው እብጠቱ መቀነስ ሲጀምርና የመብላት ፍላጎቱ ሲመለስ ነው። የኛ ሰውዬ ግን «ፕሮቲን ጨምሩለት» እያለ በድምፅ መልእክት ያዝ ነበር።

ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ እንግሊዝ ያላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። እንግሊዝ አገር «ዳይቲሽያን» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሳይመዘገቡ በዚህ ስም መጠራት ያስከስሳል። «ኑትሪሽኒስት» ነኝ ማለት ግን ማንም ይችላል። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለራሳችሁ ስትመርጡ ፈቃዱን ታያላችሁ፣ ለእኛ ስትመርጡ ተከታዩን ትቆጥራላችሁ። ለምን?

ሱቅ ያላችሁ ወንድሞቼም አትደበቁ። ፕላምፒ ነት የሚሸጥበት መደርደሪያ አይቻለሁ። አንዷ ፓኮ 92 ግራም፣ 500 ካሎሪ ናት፤ ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን። ልጁ ተለክቶ፣ መብላት መቻሉ ተሞክሮ፣ በክብደቱ ልክ በነፃ የምትሰጥ ሕክምና ናት። እናቶቻችን ከሱቅ ገዝተው ያሳደጉን ፋፋ አይደለችም። መደርደሪያችሁ ላይ ያለችው ከሌላ ልጅ አፍ የወጣች ናት።

«ጤና ጣቢያ ሰልፉ አያልቅም፣ ዓረብኛው ይከብደናል፣ ስደተኛ ሲሉን ፊት ይነሱናል» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ እኔንም ደርሶብኛል። በ2025 የእርዳታ ገንዘቡ ከተቆረጠ ወዲህ ደግሞ ብሷል። ይህን እየተናገርን መታገል አለብን፣ እኔም አልተውኩትም። ግን ሰልፉ ረዘመ ተብሎ ልጅ ለነጋዴ አይሰጥም። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለችው ሠራተኛ ሚዛንና የክንድ መለኪያ ይዛለች፣ የምትሸጥልህ ቆርቆሮ የላትም።

ያቺ ባለ ቀለም መለኪያ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ናት። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፦ ዛሬውኑ ውሰዱት። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፦ እሱም መታየት አለበት። ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ግን እግሩ ካበጠ አረንጓዴው አያታልላችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። አረንጓዴ ሆኖ፣ እብጠት ሳይኖረው፣ ምግብ የሚያማርጥ ልጅ ደግሞ ቆርቆሮ አያስፈልገውም። ገንፎው ላይ ከገበያ የተፈጨ ኦቾሎኒ ጨምሩበት፣ እንቁላል፣ የዓባይ ዓሣ፣ ጎመን።

እኔ የሂሳብ አስተማሪ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ነርሷን ለመንኳት፣ እሺ አለችኝ። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ግቢዬ ውስጥ የሕፃናት ክንድ ትለካለች። ቀይ ወይም ቢጫ የሆነውን፣ እግሩም ያበጠውን፣ ዓረብኛ የሚችሉ ሁለት ተማሪዎቼ ጤና ጣቢያ ድረስ ይሸኙታል፣ ያስተረጉማሉ። የጎደለን የቦዳ ቦዳ ሒሳብ ነው። ለዱቄት ልትልኩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።