ክፉ ወሬን መሸሸግ ስለሚያመጣው ጉዳት

በቀድሞ ዘመን በአገራችን መንግሥት ቃሉን ለሕዝብ የሚያሰማበት መንገድ አዋጅ ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ ገበያተኛው ጸጥ ባለ ጊዜ አዋጅ ነጋሪው የታዘዘውን ቃል ያሰማል፤ የሰማውም ላልሰማው ይነግራል። ሕዝብ ደግሞ በልቡ ያለውን ለመንግሥት የሚያሰማበት ሌላ መንገድ ነበረው፤ እርሱም የአዝማሪ ግጥምና የእረኛ እንጉርጉሮ ነው። አስተዋይ የሆነ ገዥ ከአደባባይ ምስጋና ይልቅ «እረኛ ምን አለ» ብሎ ማስጠየቅን ይወድ ነበር። በፊቱ የሚቆመው ሹም የሚናገረው ሹመቱን እያሰበ ነው፤ በሜዳ የሚውለው እረኛ ግን የሚሻርበት ሹመት ስለሌለው ያየውንና የሰማውን ያንኑ ያዜማል።

ከዚያ በኋላ ጋዜጣ መጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በእጅ እየተጻፈ ለመኳንንቱ ይታደል ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ታተመ፤ አገር ነፃ በወጣ በወሩ፥ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ «አዲስ ዘመን» ተጀመረ። በጣልያን ወረራ ዋዜማ ራዲዮ፥ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ተጨመረ። እነዚህ ሁሉ የነጋሪቱን ሥራ በሚገባ ወረሱ፤ የመንግሥት ቃል ከዋና ከተማ ተነሥቶ በአንድ ቀን ጠረፍ እንዲደርስ አደረጉ። የእረኛውን ሥራ ማን ወረሰ የተባለ እንደ ሆነ ግን መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም። ጥያቄውም እንዲሁ ለጨዋታ የሚነሣ አይደለም፤ ብዙ ነፍስ ጠፍቶበታልና።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ዝናም ታጥቶ ረኃብ በገባ ጊዜ ነገሩ ለመንግሥት ሳይታወቅ የቀረ አይደለም። የእርሻ ሚኒስቴር ሰብሉ መጥፋቱን አስቀድሞ አስመርምሮ ነበር። ርቦት ቤቱን የለቀቀው ገበሬ ልጆቹን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ የሚያልፈውን መኪና ይለምን ነበር፤ በዚያ መንገድ የሚሄደው ነጋዴም ሹምም በዓይኑ አይቶታል። ከዩኒቨርሲቲው መምህራን አንዳንዶቹ እስከ ስፍራው ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው ለተማሪዎች አሳዩ። የመንግሥት ጋዜጦችና ራዲዮ ግን ዝም አሉ። ደብዳቤ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፥ ከዚያም ወደ ሚኒስቴር ከፍ ባለ ቁጥር ቃሉ እየለዘበ እንደሚሄድ በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከታች «ረኃብ» ተብሎ የተነሣው በመካከል «የእህል እጥረት» ይሆናል፥ ከላይ ሲደርስ «ጊዜያዊ ችግር» ተብሎ ይፈረምበታል። በዚያ ረኃብ የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት ይነገራል፤ ዝቅተኛው ግምት 40,000፥ ከፍተኛው 200,000 ነው። በሺህ የሚቆጠር ሬሳ ያለ መዝገብ መቀበሩ ራሱ የዝምታው ፍሬ ነው።

ዝምታው የተሰበረው በባዕድ አፍ ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ያነሣው ፊልም በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ሕዝብ በቴሌቪዥን ታየ፤ ርዳታም ከዚያ በኋላ ጎረፈ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ይህንኑ ፊልም ያየው ግን ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ማታ ነው። ያን ጊዜም ብቻውን አልታየም፤ የቤተ መንግሥቱ ግብዣና ድግስ በመካከሉ እየገባ ተቀጥሎ ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ያ ፊልም በጊዜው፥ ሰው ገና ሳያልቅ፥ ለአገሩ ሕዝብ ቢታይ ኖሮ የሸዋና የጎጃም የከፋም ገበሬ ከጎተራው እንዲያካፍል፥ የከተማው ሰው ከደመወዙ እንዲሰጥ የሚጠራ የወንድም ድምፅ ይሆን ነበር። ዓመት ተሸሽጎ በወጣ ጊዜ ግን የክስ ማስረጃ ሆነ። ፊልሙ ያው ነው፤ በፊልሙ የሚታየውም ሕፃን ያው ነው። የተለወጠው ጊዜውና የያዘው እጅ ብቻ ነው። ክፉ ወሬን የሚሸሽግ ሹም ወሬውን ያጠፋው ይመስለዋል እንጂ፥ በእውነቱ የሚያደርገው ለጠላቱ በአደራ ማስቀመጥ ነው።

ከዚህ ትምህርት ተወስዷል የሚል ሰው የ1977ን ዓመት መመልከት አለበት። የቀድሞውን መንግሥት በረኃብ መሸሸግ ከስሶ ሥልጣን የያዘው ደርግ፥ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ በዓል ሲያከብር፥ በወሎና በትግራይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አደጋው እንደሚመጣ ከወራት በፊት ለውጭ መንግሥታት ማስታወቁ እውነት ነው፤ ለኮሚሽኑ ሠራተኞች ይህ ሊመሰገኑበት ይገባል። በአገር ውስጥ ግን አደባባዩ በሰንደቅና በመፈክር ተሸፍኖ ነበርና የረኃቡ ወሬ ቦታ አላገኘም። ከበዓሉ በ41ኛው ቀን፥ ጥቅምት 13፥ የኬንያው ተወላጅ ሙሐመድ አሚን በካሜራ ያነሣውንና ማይክል በርክ የተረከውን የኮረምን ሥዕል የእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የዓለም ዘፋኞች ለኢትዮጵያ ረኃብተኞች ተሰብስበው ዘፈኑ። ብዙ ነፍስ ዳነ፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ የነበረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የአገሩን ስም በተናገረ ቁጥር የኮረም ሥዕል ይቀድመው ነበር። ሕዝብ የራሱን ችግር ራሱ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ፥ ከችግሩ ጋር ክብሩን፥ ታሪኩን፥ ለመዳን የሚያደርገውንም ጥረት አብሮ በተናገረ ነበር። ሌላ ሰው ሲናገርለት ግን የሚታየው የተዘረጋው እጅ ብቻ ነው።

ካህናት የሚያውቁት ታሪክ አለ። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ18ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ አቤሴሎም በሞተ ጊዜ ከጦር ሜዳው ወደ ዳዊት ሁለት መልእክተኞች ሮጡ። የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ በሩጫ ቀደመ፤ የድሉንም ወሬ በደስታ ተናገረ፤ ስለ ልጁ በተጠየቀ ጊዜ ግን ታላቅ ግርግር አይቻለሁ እንጂ ምን እንደ ሆነ አላውቅም ብሎ ሸሸ። እውነቱን የተናገረው ኋላ የደረሰው ኩሳዊው ሰው ነው። ንጉሡ አለቀሰ፤ ነገር ግን ዐወቀ። የዛሬውን ጋዜጠኛና የሕዝብ ግንኙነት ሹም ብንመረምር ከአኪማአስ ወገን የሆነው ይበዛል። ስብሰባው ተከፈተ፥ ንግግር ተደረገ፥ ጭብጨባ ሆነ፥ ስብሰባው ተዘጋ ተብሎ አንድ ገጽ ይሞላል፤ ስብሰባው የተጠራበት ችግር ምን ያህል እንደ ሆነ ግን ከአንባቢው ጋር ሳይተዋወቅ ይቀራል።

ክፉ ወሬ ሕዝብን ያሸብራል፥ ወንድማማችንም ያጋጫል፥ ስለዚህ መያዝ አለበት የሚሉ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። በሩዋንዳ በ1985 ዓ.ም. የተከፈተው ሚል ኮሊን የተባለው ራዲዮ በማግስቱ ዓመት የሚገደሉትን ሰዎች ስም እየጠራ ነፍሰ ገዳዮችን ይመራ ነበር። በ100 ቀን ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 800,000 ያህል ሕዝብ አለቀ። በአሩሻ የተሰየመው ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. የዚያን ራዲዮ መሥራቾችና «ካንጉራ» የተባለውን ጋዜጣ አዘጋጅ፥ በጠቅላላው 3 ሰዎችን፥ ጥፋተኞች ናቸው ብሎ ፈረደባቸው፤ በይግባኝ ዘመኑ ቢቀነስላቸውም ፍርዱ ጸንቷል። ቃል ጎራዴ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አይፈለግም። ሆኖም የዚያ ራዲዮ ኃጢአት ክፉ ወሬ መናገሩ አልነበረም፤ ሐሰትን ፈጥሮ ወንድምን በወንድሙ ላይ ማስነሣቱ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥር ሹም፥ ሐሰተኛውን እይዛለሁ ሲል እውነተኛውን ያስራል፤ ሐሰተኛው ግን ያመልጠዋል።

ያመልጠዋል ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ወሬ በማተሚያ ቤት በኩል ብቻ አያልፍም። በየሰው ኪስ ባለው ስልክ፥ በፌስቡክና በቴሌግራም፥ በሌላ አገር በሌላ ዓመት የተነሣ ፎቶግራፍ የዚህ አገር የትናንት ሬሳ ተብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዞራል። በየወረዳው አንድ ነገር በሆነ ጊዜ ሕዝቡ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ምን ሆነ፥ ማን ተጎዳ፥ መንገዱ ክፍት ነው ወይ? መሥሪያ ቤቱ እስኪጣራ ድረስ ብሎ ዝም ባለበት ሰዓት ሁሉ ሌላው ይመልስለታል፤ መልሱም በውጭ አገር ከተቀመጠ፥ የሚነደውን ቤት ጢስ እንኳ ከማያሸት ሰው ሊመጣ ይችላል።

ሕጋችን ራሱ የሚያስደንቅ ነገር አለበት። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው 1185ኛው አዋጅ፥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መሰራጨቱ የተነገራቸው የማኅበራዊ መገናኛ ባለቤቶች በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡት ያዝዛል። መልካም ነው። ነገር ግን መረጃ ስለ ማግኘት በ2000 ዓ.ም. የወጣው 590ኛው አዋጅ፥ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ በጠየቀ ጊዜ ቶሎ እንዲመለስለት ቢልም፥ የመጨረሻውን ወሰን 30 ቀን አድርጎ ነበር። ለሐሰት መነሣት አንድ ቀን፥ ለእውነት መድረስ አንድ ወር ተሰጠ ማለት ነው። በመካከል ያሉትን 29 ቀኖች ሕዝቡ ምን እየሰማ እንዲቆይ ታስቦ ይሆን? ሐሰተኛው ጽሑፍ ቢነሣ እንኳ የተነሣበት ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም።

እውነትን ቶሎ መናገር የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ደግሞ በራሳችን አገር ታይቷል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የጤና ሚኒስቴር ስንት ሰው እንደ ተመረመረ፥ ስንቱ እንደ ተያዘ፥ ስንቱ እንደ ሞተ በየቀኑ በቁጥር ያስታውቅ ነበር። ቁጥሩ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ከቀን ወደ ቀንም ይጨምር ነበር። ቢሆንም ሕዝቡ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰማው ነበር እንጂ በቁጥሩ ምክንያት አልታወከም። የሃይማኖት አባቶችም ለአንድ ወር በቴሌቪዥን ጸሎት እያደረጉ ምእመናንን ከሚኒስቴሩ ቃል ጋር የሚስማማ ምክር መከሩ። በዚያ ጊዜም ነጭ ሽንኩርት ያድናል እንደሚለው ያለ ብዙ ከንቱ ወሬ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚያመሳክርበት አንድ የታወቀ ቃል ስለ ነበረ ወሬው ብቻውን አልሮጠም።

ለበሽታ የተቻለው ለማዳበሪያ የማይቻልበት ምክንያት አይታይም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ባጉረመረመ ጊዜ፥ ከእጦቱ ይልቅ ያስቆጣው መቼና ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነበር። ባለማወቁ መካከል ተሰርቆ ተሸጠ፥ ለእገሌ ወገን ተሰጠ የሚል ወሬ ገባ፤ ከወሬውም ጥቂቱ እውነት፥ ብዙው ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ የሚለይበት መዝገብ ግን በገበሬው ፊት አልነበረም። ወደ ወረዳው ስንት ኩንታል ገባ፥ ለየትኛው ቀበሌ ስንት ተሰጠ፥ ምን ያህል ቀረ የሚል አንድ ወረቀት በየሳምንቱ በቀበሌው በር ቢለጠፍ፥ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፥ ዓርብም በመስጊድ ከስግደት በኋላ ቢነበብ፥ ወጪው ከአንድ ደስታ ወረቀት አይበልጥም። ካህኑም ማንበብ አይከብደውም፤ የጠፋ ከብትና የእድር ቀጠሮ ሲያስታውቅ የኖረ ነው። የሚቸግረው በወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ማግኘት ነው። ዛሬ ያንን ቁጥር የያዘው የወረዳ ሠራተኛ ለመናገር የአለቃውን ፈቃድ ይጠብቃል፤ አለቃው የዞኑን፥ ዞኑም የክልሉን ይጠብቃል፤ ፈቃዱ ሲደርስ የመዝሪያው ጊዜ አልፏል።