«ጉዳት የለሽ» ለማን?

ሰራሺያ ማርሰሰንስ በአፈርና በውሃ የምትኖር ባክቴሪያ ናት። እርጥብ ምግብ ላይ ስታርፍ ደም የመሰለ ቀለም ታወጣለች፤ ስም ያወጣላት ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዮ ቢዚዮ በ1819 እ.ኤ.አ. ያገኛት የበቆሎ ገንፎ አቅልታ ነው። እንደ ግጥም ወዳጅ ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ።

በ1950 የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ጉዳት የለሽ» ናት ብሎ ለጀርም ጦርነት ሙከራ ከመርከብ ላይ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ረጫት። ብዙም ሳይቆይ በከተማዋ አንድ ሆስፒታል 11 ሕሙማን በሰራሺያ ተያዙ፤ ከቀዶ ሕክምና በማገገም ላይ የነበረ አንዱ ሞተ። መንግሥት «ከእኛ ርጭት ጋር አይገናኝም» ብሎ ተሟገተ፤ በፍርድ ቤትም ረታ።

ይርታ። እኔን የሚከነክነኝ ቃሉ ነው። ለጤነኛው መርከበኛ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቁስሉ ላልጠገገ፣ የሽንት ቱቦ ለገባለት ሰውስ? እኛ ባንክ ቤት እንኳ «ዋስህ ማነው?» ሳንል ብድር አንለቅም። የከተማዋ ሕዝብ ግን የተረጨበትን የሰማው በ1976 ከጋዜጣ ነው።