የቤት ግብር ግምት ሲሳሳት ባለቤቱ ምን ያድርግ?

ስለ ቤተ ሰብ አኗኗር በምንጽፍበት በዚህ ዓምድ ዛሬ ከመሶቡና ከማጀቱ ጥቂት ወጣ ብለን፣ ስለ ቤቱ ጣራና ግድግዳ፣ ይኸውም በየዓመቱ ስለሚከፈለው የቤት ግብር ልንነጋገር ወደናል። ግብር መክፈል ተገቢ መሆኑን ክርስቲያን ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተማረው ስለ ሆነ፣ «እንክፈል ወይስ አንክፈል» የሚል ክርክር አናነሣም። የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ግብሩ የተመሠረተበት ግምት ከእውነት የራቀ በሚሆንበት ጊዜ የቤቱ ባለቤት ምን ማድረግ ይገባዋል? ያጉረምርምን? ዝም ብሎ ይክፈልን? ወይስ በሕግ በተከፈተለት በር ገብቶ ያሳርም?

ብዙ ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ ዝምታውን ይመርጣል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው የአባቶች ቃል በብዙ ነገር እውነት ነው፤ በግብር ግምት ግን ዝምታ ይነቅዛል። ዘንድሮ ያልታረመ ስሕተት ለሚመጣው ዓመት መነሻ ይሆናል፤ ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍም በመዝገብ ላይ እንደ እውነት ይቈጠራል፤ በመጨረሻም ቤቱን ለሚወርሱት ልጆች ሸክም ሆኖ ይቀራል።

ግምት የሰው ሥራ ነው። ገማቹ ሜትር ይዞ በፀሐይ ሲዞር ውሎ፣ በአንድ ቀን የብዙ ቤት ጽፎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚመለስ እንደ እኛ ያለ ሰው ነው። ክፉ ሰው ባይሆንም እንኳ ዓይኑ ሊታለል፣ እጁም ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲገለብጥ ቍጥር ሊያሳስት ይችላል። ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ሊጠመቁ ወደ እርሱ ለመጡት ቀራጮች የሰጣቸው ምክር ሥራቸውን እንዲተዉ ሳይሆን፣ ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ ነበር። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስም ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገብቷል። ከሁለቱም ታሪክ የምንማረው ቀረጡ ተገቢ ቢሆንም ከልክ ያለፈው ሊመለስ የሚገባው መሆኑን ነው።

በአገራችን የግምት ነገር አዲስ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ደረጃ ተከፈለ፤ ለአንድ ጋሻ ለም 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ተቈረጠ። እንግዲህ ጠፍ የነበረውን መሬት ለም ብሎ የጻፈ አንድ ብዕር የባለ መሬቱን ግብር ሦስት እጥፍ ያደርገው ነበር ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ግምቱን ተጠራጠረው፤ መሬቱን ለመለካትና ርስቱን ለመንካት የታሰበ መንገድ መስሎት ሠጋ። ነገሩ ወደ አመፅ ደርሶ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ መንግሥት ውዝፉን ግብር እስከ መማር ደረሰ። የዚያ አመፅ ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ገማቹ በማይታመንበት፣ አቤቱታም በማይሰማበት ጊዜ የግብር ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ያሳየናል።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1696 እስከ 1851 ድረስ ቤትን በመስኮቱ ቍጥር ያስገብሩ ነበር፤ ገማቹ ወደ ውስጥ ሳይገባ ከደጅ ቆሞ መቍጠር ስለሚችል ሥራው ቀላል ነበር። ብዙ ሰው ግን ግብሩን ለመሸሽ መስኮቱን በጡብ ደፈነ፤ ብርሃንና ንጹሕ አየር አጥቶም በጨለማ ተቀመጠ። ከደጅ በማየት ብቻ የሚደረግ ግምትም፣ ከግምት ለመሸሸግ የሚደረግ ዘዴም፣ ሁለቱም ቤትን እንደሚጐዱ ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ቤት ግብር እንመለስ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቍጥር 80፣ ግብሩ ቤቱ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ተብሎ በተገመተው ኪራይ ላይ እንዲታሰብ ደንግጎ ነበር። በአዲስ አበባ የቈየው ግምት በ2015 ዓ.ም. በአዲስ ሲለወጥ የብዙዎች ክፍያ በድንገት ከፍ ስላለ አቤቱታው በረከተ፤ ጉዳዩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። በዚህ አዋጅ መነሻ የሚሆነው የንብረቱ ዋጋ ነው፤ ግብሩም የሚታሰበው በዋጋው ሩብ፣ ማለት ከመቶ በ25ቱ ላይ ነው። ክልሎችና ከተሞች አዋጁን ሥራ ላይ የሚያውሉት በየራሳቸው ሕግ ነው። መነሻው ኪራይም ሆነ ዋጋ፣ ሁሉም የሚቆመው ገማቹ በጻፈው ቍጥር ላይ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ይህን በምሳሌ ብናየው ይበልጥ ይገባናል። ከጎንደር ተነሥቶ በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ኮኪት የምትባል የቆላ ከተማ አለች። በዚያ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ የሆነ ቤት አላት እንበል። የቤቱ ርዝመት 6 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ነው፤ ስፋቱም 30 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከሙቀቱ የተነሣ በደጇ በእንጨትና በሣር የተሠራ፣ የአገሩ ሰው «ራኩባ» የሚለው የጥላ ዳስ አላት፤ እርሱም 20 ካሬ ሜትር ነው። ገማቹ ሁለቱን ደምሮ «50 ካሬ ሜትር ቤት» ብሎ ቢጽፍባትስ?

ሒሳቡን እንሥራው፤ የምንጠቅሰው ዋጋና የግብር ልክ ለትምህርት ያህል ብቻ የተወሰደ ነው። የአንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ 10,000 ብር ቢባል፣ እውነተኛው ቤት 300,000 ብር፣ የተጻፈው ግን 500,000 ብር ይሆናል። ሩቡ ሲወሰድ አንዱ 75,000፣ ሌላው 125,000 ነው። ግብሩ ከመቶ 0.4 ቢሆን፣ በእውነቱ 300 ብር መክፈል የሚገባት እናት 500 ብር ትጠየቃለች ማለት ነው። የጭቃው ግድግዳ በስሕተት ብሎኬት ተብሎ ከተጻፈማ የካሬ ሜትሩም ዋጋ ይጨምራል፤ ስሕተት በስሕተት ላይ ይባዛል። ቡና አፍልታ ለምታድር ሰው በየዓመቱ 200 ብር ያለ አግባብ መክፈል የልጅ ደብተርና እርሳስ ማጣት ነው።

ከዚህም በቀር የጠረፍ ከተማ ዋጋ እንደ መንገዱ ነው። ሰሊጡና ሸቀጡ በሰላም ሲያልፍ ኪራይም የቤት ዋጋም ይወጣል፤ መንገዱ ሲታወክ ይወርዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት የዚያን መንገድ ንግድ አናግቶታል። ስለዚህ አንድ ገማች በደጉ ዘመን የነበረውን ዋጋ ይዞ የክፉውን ዘመን ቤት ቢገምት፣ ወይም የጎንደርን ከተማ ዋጋ ለኮኪት ቢሰጥ፣ ሜትሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ግምቱ ይሳሳታል። ባለቤቱም ይህን ማስረዳት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ምክራችን እንግባ። «ግብሩ በዛብኝ» ማለትና «ግምቱ ተሳስቷል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የችግር ልመና ነው፤ ሕግ ለችግረኛ የፈቀደው ምሕረት ወይም የክፍያ ጊዜ ካለ በዚያ በኩል ይጠየቃል። ሁለተኛው ግን የማስረጃ ክርክር ነው። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው አመልካቹ ዕንባውን ብቻ ይዞ ስለሚቀርብ ነው። መርማሪው በዕንባ ቍጥር መለወጥ አይችልም፤ «30 ነው እንጂ 50 አይደለም» ተብሎ በሜትርና በወረቀት ሲታየው ግን ሊለውጥ ይገደዳል።

እንግዲህ የግምት ማስታወቂያ የደረሰው ሰው አስቀድሞ የደረሰበትን ቀን በወረቀቱ ራስ ላይ ይጻፍ። ቀጥሎም የግምቱን ዝርዝር ከጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ፤ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይቶ አይመለስ። በዝርዝሩ ላይ የባለቤቱን ስም፣ የቦታውን ስፋት፣ የቤቱን ስፋት፣ የግድግዳውንና የጣራውን ዓይነት፣ ቤቱ የተሠራበትን ዘመን፣ ለመኖሪያ ወይም ለንግድ መሆኑን፣ የቦታውን ደረጃ፣ በመጨረሻም የማባዛትና የመደመሩን ሥራ አንድ በአንድ ይመርምር። የቦታውን ስፋት ከይዞታ ማረጋገጫው ካርታ ጋር ያስተያይ። ቤቱን ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ይለካ። ፎቶግራፍ ያንሣ። ያለፉትን ዓመታት ደረሰኞች፣ ካለም የኪራይ ውል፣ ባንድነት ያሰናዳ። በዚያው ሰፈር የእርሱን የመሰለ ቤት ያለው ጎረቤት ፈቃደኛ ቢሆን የሁለቱን ግምት አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ማሳየት ብርቱ ማስረጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ጎረቤትን ለመክሰስ አይሁን።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የተጻፈው ምን እንደ ሆነ፣ እውነቱ ምን እንደ ሆነ፣ ማስረጃው የትኛው እንደ ሆነ፣ እንዲታረም የሚለመነው ቍጥር ስንት እንደ ሆነ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይነገር። ስድብና ሽሙጥ አይግባበት። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን ቍጥርና ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከአመልካቹ እጅ ይቅር። «እሺ፣ እናየዋለን» የሚል የቃል ተስፋ ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ቀኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ በቅሬታው ላይ በተሰጠው ውሳኔ ያልተስማማም በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ኮሚሽን እንዲያመለክት፣ ይግባኙም ክርክር ካለበት ታክስ እኩሌታው ተከፍሎ እንዲታይ ደንግጓል። የክልልና የከተማ ሕግ የየራሱ ቀንና የየራሱ ክፍያ ሊኖረው ስለሚችል፣ ማስታወቂያውን በተቀበሉበት ዕለት «የቅሬታው ቀን መቼ ያልቃል? ለማን ይቀርባል? ምን ያህል ይከፈላል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክርክር የሌለበትን ክፍል በጊዜው መክፈልም ብልኅነት ነው፤ ቅጣትና ወለድ እንዳይከተል ይጠብቃል፤ አመልካቹም ከግብር የሚሸሽ ሳይሆን እውነትን የሚሻ መሆኑን ያስመሰክራል። ውሳኔው ባይስማማው በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ያልተጻፈ ውሳኔ ይግባኝ አይባልበትምና። ፍርድ ሊሰጥበት የሚገባን ጉዳይ ለፍርድ አካል ማቅረብ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 የተረጋገጠ መብት ነው። ድሮ ተስፋ የቈረጠ ባላጋራ «ይግባኝ ለክርስቶስ» ይል ነበር፤ ነገር ግን በምድር ያለው የይግባኝ ደጅ ሳይንኳኳ ወደ ሰማያዊው ችሎት መሮጥ ስንፍናን በእምነት መሸፈን እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ።

ስለ ቅንነትም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የተከራየ ክፍል ደብቆ «መኖሪያ ብቻ ነው» የሚል አመልካች በእውነት መንገድ አይሄድም፤ ድጋሚ ልኬት ሲመጣም የሸሸገው ይገለጥበታል። እንዲሁም ግምቱን ለማስቀነስ መማለጃ የሚሰጥ ሰው የራሱን ሸክም በድኻው ጎረቤቱ ትከሻ ላይ ይጥላል። ከተማው የሚያስፈልገው ውኃና መንገድ የሚሠራው ከሁሉም በሚሰበሰበው ነውና፣ አንዱ ከድርሻው ሲያጐድል ሌላው ይጨምራል።

በመጨረሻም በየቤቱ ልናስብላቸው የሚገቡ ሰዎች አሉ። ቤቱ በሟች ባሏ ስም የተመዘገበ እናት አቤቱታዋ «ባለ ጉዳይ አይደለሽም» ተብሎ እንዳይመለስባት የወራሽነት ማስረጃዋን ከፍርድ ቤት አስቀድማ ታውጣ። ማንበብ ለማይችሉ አያቶች ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው ማስታወቂያውን ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ርዝመትን በወርድ አባዝቶ ስፋትን ማውጣት በትምህርት ቤት የተማረ ልጅ የአያቱን ቤት በሜትር ለክቶ ሒሳቡን ቢሠራ፣ ትምህርቱ ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ አያቱም የላኩት ትምህርት ቤት እንደ ጠቀማቸው ያያሉ።

ስለዚህ ማስታወቂያው እስኪመጣ አንጠብቅ። በዚህ ወር ካርታውንና ደረሰኞቹን ከሣጥን አውጥተን በአንድ መዝገብ እናኑር፤ ቤታችንን ለክተን ልኩን፣ የግድግዳውንና የጣራውን ዓይነት፣ የተሠራበትንም ዘመን በአንድ ወረቀት ጽፈን ከካርታው ጋር እናያይዝ። የቤቱ ሰዎችም ወረቀቱ የት እንዳለ ሁሉም ይወቁት። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ።