የተደበቀ ስህተት ሁለት ሞተር ያቃጥላል

አዲስ አበባ ላይ ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ የሚሞላን ሰው የሚቆጣው የለም። ውሃው ውሎ አድሮ ብረቱን ያዝገዋል፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች በዝቃጭ ይደፍናል፤ መኪናው ግን በማግስቱ ይነሳል፣ በሳምንቱም ይሠራል። ይኸው ሰው ዳላስ መጥቶ ያገለገለ ካምሪ ሲገዛ ልማዱንም ይዞት ይመጣል። ሰመሩን እንደምንም ያልፋል። ከዚያ እንደ ፌብሯሪ 2021 ያለ ብርድ ይመጣል። በዚያ ወር በ16ኛው ቀን በዲ.ኤፍ.ደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የተለካው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ሞተሩ ውስጥ መሄጃ ሲያጣ ብረቱን ይሰነጥቃል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ቢሆን ኖሮ ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ይቋቋም ነበር።

እኔን የበለጠ የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ባለመኪናው ለወዳጆቹ «ሞተሩ ሞተብኝ» ይላቸዋል። «ውሃ ሞልቼው ነው» አይላቸውም። ይሉኝታ ይይዘዋል፤ በሰፈሩ መኪና ያውቃል የሚባል ሰው ከሆነማ ጭራሽ አይሞክረውም። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ የመጣ የአክስቱ ልጅ መኪና ይገዛል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ የውሃውን ጎማ ይስባል።

በጋርላንድ፣ በሪቻርድሰንና በሌክ ሃይላንድስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮፈን ከፍቶ የሚሠራ ሐበሻ ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የእጅ ዋጋው በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ የሆነ ጋራዥ በሞላበት ከተማ፣ ኡበርና ሊፍት ለሚነዳ ሰው መኪና አንድ ሳምንት ቆመ ማለት የቤት ኪራይ ጎደለ ማለት ነው። የዕቃ መደብሮቹም ያግዛሉ፤ አውቶዞንና ኦራይሊ መሣሪያ በመያዣ ያውሳሉ፣ የተቃጠለውን ዘይት ይቀበላሉ። ይህን በገዛ እጅ የመሥራት ድፍረት ከልቤ አከብረዋለሁ። ስህተት ያስተምራል ሲባል ግን «ማንን?» ብዬ እጠይቃለሁ። እኛ ዘንድ የሚያስተምረው ስህተቱን የሠራውን ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ምክንያቱን ከደረሰበት ነው። ወደ ሌላው አይሻገርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን አድገናል፤ ኮፈን ሥር ግን አልሠራንበትም።

ከአገር ቤት ይዘናቸው ከመጣናቸው ልማዶች መካከል እዚህ ብዙ የሚያስከፍለው ቴርሞስታት ማውጣት ይመስለኛል። መኪና ሲያሞቅ «አውጥተህ ጣለው» ይባላል። በድሮዎቹ መኪኖች ነገሩ ትርጉም ነበረው፤ ተጣብቆ አልከፈት ያለ ቴርሞስታት የውሃውን መንገድ ይዘጋል፣ ሲወጣ ግን ውሃው ያለ ከልካይ ይዞራል። የዛሬ ሞተር በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። መሞቅ በሚገባው ጊዜ ካልሞቀ ኮምፒውተሩ ፒ0128 የተባለውን ኮድ ይመዘግብና የቼክ ኢንጂን መብራት ያበራል፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎም ነዳጅ ያበዛለታል።

ቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለግል መኪኖች የደኅንነት ምርመራውን አስቀርታለች፤ የጭስ ምርመራው ግን በ17 ካውንቲዎች ቀጥሏል፤ ዳላስ፣ ታራንት፣ ኮሊንና ዴንተን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ያ መብራት የበራበት መኪና ይወድቃል። ባለቤቱ ኮዱን ያጠፋና በዚያው ቀን ይመለሳል። አሁንም አያልፍም። ኮዱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱን የፈተሸባቸው ውጤቶች አብረው ይጠፋሉ፤ መኪናው ተነድቶ፣ ቆሞ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ተነድቶ ፍተሻዎቹ መሟላት አለባቸው። ከ2001 ወዲህ በተሠራ መኪና ሳይጠናቀቅ የሚታለፈው ፍተሻ አንድ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የሄደ ሰው ትልቅ ነገር አውቆ ይወጣል። ያወቀውን ለስንት ሰው ነገረ?

የነገረ ሰው አውቃለሁ። ረጅም ዘመን በሹፌርነት የኖረ አባወራ ነው። ዘይት ሲቀይር አሮጌውን ፊልትሮ ፈታ፤ የፊልትሮው ጎማ ግን ተነቅሎ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አዲሱን ከነጎማው በላዩ ላይ አሰረው። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ሲነሳ ምንም አላሳየም። ሀይዌይ 635 ላይ ወጥቶ የዘይቱ ግፊት ሲጨምር ግን ተደራርበው የነበሩት ጎማዎች ሸሹ፣ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ተረጨ፣ ቀይ መብራቱን አይቶ ዳር እስኪይዝ ሞተሩ ነከሰ። ዛሬ ማንም ወጣት መኪና ሥር ሲገባ ካየ ጠጋ ብሎ «የድሮውን ጎማ በዓይንህ አይተኸዋል?» ይለዋል፤ የራሱን ታሪክም ሳይሸራርፍ ይነግረዋል። ወጣቶቹም «ጋሼ፣ ይኸው በእጄ ይዤዋለሁ» ብለው ያሳዩታል። በዚያ ግቢ ስንት ሞተር እንደተረፈ የሚቆጥር የለም፤ ያልጠፋ ነገር አይቆጠርምና። እኔ ግን ከብዙ ባለሙያ የበለጠ ሥራ ሠርቷል እላለሁ።

ደግሞ ምንም የማያስተምር ስህተት አለ፤ እሱም በግምት ዕቃ መቀያየር ነው። የዳላስ ሙቀት ለዚህ ይገፋፋል። በ2011 ሙቀቱ 100 ፋራናይት ወይም ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ቀናት 71 ነበሩ፤ በጁን 1980 ደግሞ 113 ደርሷል፣ በሴልሺየስ 45 መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ አየር መኪና ያሞቃል። ሰው ይደነግጣል፤ ቴርሞስታት ይገዛል፣ አልሆነም፤ የውሃ ፓምፕ ይገዛል፣ አልሆነም፤ ራዲያተር ይገዛል። በመጨረሻ ቢድንለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ከመጀመሪያው ጥገና ጋር የገባ አየር ነው፤ የማቀዝቀዣው መሥመር በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ እሱን ሳያስወጡ መዝጋት አዲሱን ቴርሞስታት በሐሰት ያስወነጅላል።

ትዕግሥት ያለው ሰው አስቀድሞ ይጠይቃል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ አዎ ሲቀዘቅዝ ብቻ፣ ክዳኑን ከፍቶ ኩላንቱ ጎድሎ እንደሆነ ያያል። ጎድሎ ከሆነ የት እንደሄደ ይፈልጋል። ኤሲውን ከፍቶ ማራገቢያው መዞሩን ያያል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ እንደሆነ ይዳስሳል፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ኩላንቱ ቀድሞ ይፈላል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከተጠረጠረ፣ ሞተሩ ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ ራዲያተር ውስጥ ሲገባ ቀለሙን ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለውጥ ፈሳሽ መደብር ውስጥ አለ፤ ዋጋው ከአንድ ፓምፕ ያንሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ላይ ሲወጣ ወዲያው መኪናውን ላቆመ ሰው ነው። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ የቀጠለ የአሉሚኒየም ቴስታታው ይጣመምበታል።

ስህተትን በይፋ በመናገር ረገድ እዚሁ ከጎናችን ያሉትን ትልልቆቹን ኩባንያዎች እንያቸው። በአርሊንግተን ከ1954 ጀምሮ የሚሠራው የጂ.ኤም. ፋብሪካ ታሆ፣ ሰበርባን፣ ዩኮንና ኤስካሌድ ይገጣጥማል። በኤፕሪል 2025 ኩባንያው ከ2021 እስከ 2024 የተሠሩ፣ ባለ 6.2 ሊትር ሞተር የሆኑ ወደ 600,000 የሚጠጉ የአሜሪካ መኪኖቹን ለጥገና ጠራ፤ በክራንክሻፍቱና በቢየላው ላይ ሞተሩን ሊያወድም የሚችል ጉድለት በመገኘቱ ነው። የሰሜን አሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከ2017 ጀምሮ ፕላኖ የሆነው ቶዮታም በሜይ 2024 ወደ 102,000 የሚሆኑ ተንድራና ሌክሰስ መኪኖችን ጠርቷል። ምክንያቱ? ሞተሩ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ከውስጡ ተጠርጎ ያልወጣ የብረት ፍቅፋቂ። የእነዚህ ኩባንያዎች መሐንዲሶች የሳቱትን ነገር አገር ሁሉ አነበበው። ሕግ አስገድዷቸው ነው የሚል ካለ ልክ ነው። ግን ጥፋቱ ስለተጻፈ መኪናውን የገዛ ሁሉ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመኪናውን መለያ በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስገብቶ በነጻ ማወቅ ይችላል።

እኛስ? ከ2007 እስከ 2009 የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ ዘይት ይበላል። ቶዮታ ጥፋቱ ከፒስተኑና ከፋሻው መሆኑን ለጥገና ክፍሎቹ በ2011 ጽፏል፤ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ዋስትናውን አራዝሞ አስጠግኗል። ይህን ያልሰማ ሰው ግን የዘይት ዓይነት ሲያቀያይር፣ ጓርኒሲዮን ሲለውጥ ጊዜው አለፈው። ሹፌሮቻችን ቡና እየጠጡ ስለዚህ ሞተር ያላወሩበት ቀን የለም፤ የትኛው ሙከራ እንዳልሠራ ግን የተመዘገበ ነገር አልነበረንም።

ሁሉም ስህተት እንዲሞከር የምመክር እንዳይመስላችሁ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ከስህተት የሚቆጠር አይደለም፤ ክሪክ ማንሻ ነው፣ የሚያቆመው የብረት ካቫሌቶ ነው። ፕሪየስ ለምትነዱ ደግሞ፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች አትንኩ። የ2010 ፕሪየስ ባትሪ 200 ቮልት ያህል ይይዛል፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው እስከ 650 ይደርሳል። እዚያ ላይ የተሳሳተ ሰው የሚናገረው ነገር አይተርፈውም። አገር ቤትም ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት በመከልከሉ፣ ጋራዥ ውስጥ ያሉ ወንድሞቻችን ከዚህ ቮልቴጅ ጋር በየቀኑ እየተገናኙ ነው። ስልክ ስትደውሉላቸው ይህን ንገሯቸው።

ሙያውን በወጉ ለሚፈልግ ወጣት በሜስኪት የሚገኘው የዳላስ ኮሌጅ ኢስትፊልድ ካምፓስና ፋርመርስ ብራንች ያለው ብሩክሄቨን የመኪና ጥገና ያስተምራሉ። ለሌሎቻችን የምለምነው ግን ቀላል ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ግቢ፣ በየካፌው አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ወይም ሰርግና ሐዘን በምንነጋገርበት ቴሌግራም ላይ ለብቻው ቦታ ይሰጠው። ስም አይጻፍ፤ ይሉኝታው ስም ላይ ነውና። የመኪናው ዓመትና ሞተር፣ የሄደው ማይል፣ ያሳየው ምልክት፣ መጀመሪያ የተገመተው፣ በከንቱ የተቀየረው ዕቃ፣ በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት፣ የወጣው ዶላር ይጻፍ። «በከንቱ የተቀየረው» የሚለው መስመር እንዳይዘለል አደራ፤ ሰው የሚደብቀው እሱን ነው፣ ለሚቀጥለው ሰው ብር የሚያተርፈውም እሱ ነው። ሥራው ከሜይ በፊት ቢጀመር፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም ስለሚያሞቅ መኪና ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ አሁን የሚገዛው ካምሪ ኦገስት ላይ የሀይዌዩን ዳር ሳይዝ ይደርሳል።