ዘሩ አልከዳም፤ ሌሊቱ አጠረ እንጂ

ከአገር ርቀው ጓሮ በሚያለሙ ወገኖቻችን ዘንድ አንድ ቅሬታ ደጋግሞ ይሰማል፦ «የአገር ቤት ዘር እዚህ አይሆንም፤ አፈሩ አይቀበለውም።» ቀይ ሽንኩርቱ የልጆች ብይ አክሎ ይቀራል፤ ሰላጣው ለገበታ ሳይደርስ ግንድ አውጥቶ ያብባል። ይህን ፍርድ አብዝተው የሚሰጡት ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ከመሬት ጋር የኖሩ፣ በስተርጅና ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ እናቶችና አባቶች ናቸው። እጃቸው የከዳቸው መስሏቸው መቆፈሪያውን ያስቀምጣሉ፤ ልጆቹም «ከሱቅ ይገዛል» ብለው ያጽናኗቸዋል። በእኔ እምነት ማጽናኛው የተሳሳተ ነው። ለእነዚህ ሁለት ውድቀቶች አፈሩን ከመክሰስ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ረጅሙ ቀኗ ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ያደገ ገበሬ ወቅትን የሚለየው በዝናብ እንጂ በብርሃን አይደለም፤ ሊለይበት የሚችል ልዩነት የለምና። በዋሽንግተን ግን ቀኑ በታኅሣሥ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆንና በሰኔ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። በስቶክሆልም ከ6 ሰዓት ተነሥቶ ከ18 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ተክሉ ይህን ይቆጥራል።

መቁጠሩን በማስረጃ ያሳዩት ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ናቸው። የሠሩበትም ስፍራ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢ፣ በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ነበር። «ሜሪላንድ ማሞዝ» የተባለው የትምባሆ ዝርያ በበጋ ከሰው ቁመት በላይ እያደገ አላብብ ይላቸዋል፤ በክረምት በመስታወት ቤት ውስጥ ግን ገና አጭር ሳለ ያብባል። ሙቀቱን፣ ውኃውንና ማዳበሪያውን ሁሉ ከጠረጠሩ በኋላ፣ በበጋው ቀን ተክሉን ለተወሰኑ ሰዓታት ጨለማ ቤት እያስገቡ ቀኑን አሳጠሩበት። አበበ። ግኝታቸውን በ1920 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳተሙ።

ሽንኩርት ከዚህ ግኝት ብዙ ትምህርት የሚገኝበት ተክል ነው። ራስ የሚቋጥረው የቀኑ ርዝመት ለዝርያው ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ነው። አገር ቤት የተለመዱት እንደ አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ ያሉት የአጭር ቀን ዝርያዎች ናቸው፤ 12 ሰዓት ገደማ ይበቃቸዋል። እነዚህን በሚያዝያ በዋሽንግተን ብንዘራቸው ቀኑ ከ13 ሰዓት በላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ቡቃያው ገና ሁለትና ሦስት ቅጠል ሳያወጣ «ጊዜው ደርሷል» የሚል ምልክት ይደርሰዋል፤ ራስ የሚሞላበት ቅጠል ሳይኖረው ይቋጥራል። ብይ የሚያክለው ሽንኩርት ምሥጢሩ ይኸው ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ ለሰሜን አውሮፓ የተዘጋጀ የረጅም ቀን ዘር ዱባይ ቢዘራ፣ እዚያ ረጅሙ ቀን 14 ሰዓት ስለማይሞላ፣ ቅጠል ብቻ ሲያወጣ ይኖራል። ስለዚህ የዘር ከረጢት ሲገዛ ከሥዕሉ ይልቅ «የአጭር ቀን» ወይም «የረጅም ቀን» የሚለው ጽሑፍ ይነበብ።

ስፒናችና ሰላጣ ቀኑ ሲረዝም ወደ አበባ ይቸኩላሉ፤ ሙቀትም ያፋጥናቸዋል። በረዶው እንደለቀቀ ወይም በነሐሴ መጨረሻ ሲዘሩ ቅጠላቸው ይበላል። ቲማቲም ግን ለቀን ርዝመት ደንታ የለውም፤ ጠላቱ ብርድ ነው። ጀርመኖች ከግንቦት 11 እስከ 15 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሉትን ቀኖች «የበረዶ ቅዱሳን» ይሏቸዋል፤ እነርሱ ሳያልፉ ችግኙን ወደ ውጭ አያወጡም። የቅዱሳን ቀን እየቆጠረ ለሚዘራ የእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በእርግጥ ተክሉ የሚለካው ቀኑን ሳይሆን ሌሊቱን ነው። ሃምነርና ቦነር በ1938 ባሳተሙት ሙከራ ረጅሙን ሌሊት በጥቂት ደቂቃ ብርሃን ሲያቋርጡት ሌሊት የሚቆጥረው ተክል ማበቡን ተወ፤ ቀኑን በጨለማ ማቋረጥ ግን ለውጥ አላመጣም። በእኛ አገር በየግቢው ዛፍ ሆኖ የሚቀላው የገና አበባ ከዚሁ ወገን ነው። በአውሮፓ ሳሎን ውስጥ የሚቀላው ከጥቅምት ጀምሮ በየሌሊቱ 14 ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ ጨለማ ሲያገኝ ነው። የሳሎን አምፖል ወይም የመንገድ መብራት ከደረሰበት አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። በአሜሪካ ጓሮ አልሚ ሁሉ የሚመለከተው የግብርና ሚኒስቴሩ የብርድ ቀጠና ካርታ በ2023 ታድሷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም የሚናገረው በክረምት ስለሚጠበቀው ዝቅተኛ ሙቀት ብቻ ነው። «የእኔ ቀጠና ሞቃት ነው፤ የአገሬ ዘር ይሆናል» የሚል ሰው ካርታው ያልመለሰለትን ጥያቄ እንደተመለሰ ቆጥሯል። ኬክሮስ ሳይታይ ዘር መምረጥ የኤሌክትሪክ ዕቃን ቮልቴጁን ሳያዩ እንደ መሰካት ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ዓመቱን ገልብጡት። መስከረምና ጥቅምት የመዝሪያ፣ እስከ ሚያዝያ የመልቀሚያ ጊዜ ነው። በሐምሌ ቲማቲም ቢያብብም ዱቄቱ በሙቀት ስለሚመክን ፍሬ አይዝም።

ለወላጆች መንገር ያለብን ይህን ነው። ስለ ውኃ፣ ስለ ፍግና ዘር ስለ መምረጥ የሚያውቁት ሁሉ እዚህም ይሠራል፤ የሚቀራቸው የከተማው የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰሌዳ ነው፤ እርሱን በስልክ አውጥቶ ማሳየት ደግሞ የልጅ ሥራ ነው። አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ ዘር በሻንጣ ደብቆ ማምጣት ግን ይቅር። አሜሪካም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት የዕፀዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ወረቀት የሌለው ዘር በአውሮፕላን ማረፊያው ይወረሳል።