የሰሞን ድልና የቡድን ምርጫ
(ስለ ተቀነሰው ሰው ጥቂት ቃል)

ቡድን ሲታደስ ሰው ይቀነሳል። ይህን ማንም ሊሽረው አይችልም። ሦስት ቦታ ሲኖርና አራት ጎበዝ ሲገኝ፣ ከአራቱ አንዱ ሻንጣውን ሳያስር መቅረቱ ግድ ነው። ክርክሩ የሚነሣው የተቀነሰው ሰው በቅርቡ ያሸነፈ እንደ ሆነ ነው። «ትናንት አሸንፎ ዛሬ እንዴት ይጣላል?» የሚለው ጩኸት ከአንድ ወገን ይሰማል፤ «የአንድ ሰሞን ድል ምን ዋጋ አለው?» የሚለው ደግሞ ከሌላው። በግቢያችንም ከምግብ አዳራሽ እስከ መኝታ ክፍል ይኸው ሙግት ስለ ሰነበተ፣ እኛም በበኩላችን የሚመስለንን በዚህ ገጽ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ወደድን።

ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። የካ ውስጥ የምንማር ተማሪዎች ጎሕ ሳይቀድ ለጥናት ስንነሣ፣ ከእኛ ቀድመው የተነሡ አሉ። ቱታቸውን ለብሰው ከኮተቤና ከመገናኛ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጡ ወጣቶች ናቸው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በተተከለው ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው በግንዶቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ከመካከላቸው ዓለም በስም የሚያውቃቸው ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት አንድ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ተከራይተው፣ ክለብ የሚከፍላቸውን ደመወዝ የሚጠብቁ ናቸው። ለእነዚህ «ተቀንሰሃል» የሚለው ቃል በጋዜጣ የሚነበብ ወሬ አይደለም፤ የቤት ኪራይ፣ የእንጀራና ለእናት የሚላክ ገንዘብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሰው እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚቀነስ መነጋገር የሥራ ፈት ጨዋታ ነው አይባልም።

ከዚህም በላይ ጊዜው ስለ መታደስ የሚወራበት ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በፓሪስ ኦሊምፒክ አገራችን ያገኘችው 1 ወርቅና 3 ብር ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ አዲስ ፕሬዚዳንት መረጠ፤ እርሱም በአቴንስና በቤጂንግ በ10,000 ሜትር ሁለት ጊዜ የብር ሜዳልያ ያመጣው ስለሺ ስሕን ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ቡድናችን ያለ ወርቅ ተመለሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ «አዲስ ቡድን ይሠራ» ማለት ከሁሉም አፍ ይወጣል። ነገር ግን ይህን የሚለው ሁሉ፣ አዲስ ቡድን ማለት የሚቀነሱ ሰዎች ማለት እንደ ሆነ አስቦ የሚናገር አይመስለንም።

እንግዲህ የሰሞን ድል ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ምስክር ነው፤ ግን አንድ ምስክር ነው። በሽምግልና የተቀመጠ አስተዋይ ሰው በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ለመፍረድ ይፈራል። ያም ሆኖ ምስክሩን ሳይሰማ አያባርረውም።

ቤዝቦል በሚባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ አንድ ትልቅ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን 162 ግጥሚያ ያደርጋል። ስለዚህ ቡድኑን እንደ አዲስ የሚሠራ ክለብ፣ ዐሥር ቀን እሳት ሆኖ የሰነበተን ተጫዋች ቢያሰናብት ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም። በዚያ ዐሥር ቀን ዕድል ረድቶት፣ ተጋጣሚው ደክሞለት ሊሆን ይችላል፤ ግጥሚያው ሲበዛ ወደ ልኩ ይመለሳል። የማራቶን ሯጭ ግን በዓመት የሚሮጠው ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው። የእርሱ አንድ መልካም ቀን የዓመቱ እኩሌታ ነው። ስለዚህ በሩጫ የሰሞንን ድል እንደ ኢምንት ቆጥሮ መተው አይቻልም፤ እንደ ፍርድም መቀበል አይቻልም። የሚሻለው ምስክሩን መመርመር ነው። የት ሮጠ? ሜዳው ለጥ ያለ ነበር ወይስ ዳገት? አሯሯጭ ፊት ፊቱ እየሄደ ነፋሱን መክቶለት ነበር ወይስ ብቻውን ታገለ? የሚላክበትስ ውድድር ከየትኛው ጋር ይመሳሰላል?

ይህን ለማስረዳት ከፓሪስ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። በ2016 ዓ.ም. ለኦሊምፒክ ማራቶን ሦስት የወንዶች ቦታ ነበረ። ሲሳይ ለማ በቫሌንሲያ 2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሮጦ፣ በሚያዝያም ቦስተንን አሸንፎ ነበር። ደሬሳ ገለታ በሴቪያ 2 ሰዓት ከ03 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ገብቶ አሸንፏል። ቀነኒሳ በቀለ በለንደን 2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛ ወጥቷል። አራተኛው ታምራት ቶላ ነበር፤ እርሱም በጥቅምት ወር ኒው ዮርክን በ2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸንፎ የዚያን ጎዳና ክብረ ወሰን ሰብሯል። ሦስቱ ተመረጡ፤ ታምራት ተጠባባቂ ሆነ።

ሰዓት ብቻ የሚያይ ሰው በዚህ ምርጫ ምንም አያስገርመው ይሆናል፤ ከአራቱ የኒው ዮርኩ ሰዓት የዘገየው ነውና። ነገር ግን ኒው ዮርክ ድልድይና ዳገት የበዛበት፣ አሯሯጭ የማይመደብበት ውድድር ነው። የፓሪሱ ጎዳና ደግሞ እስከ ቬርሳይ ደርሶ ሲመለስ በጠቅላላው 436 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ነበር፤ በኦሊምፒክም አሯሯጭ የለም። ስለዚህ የኒው ዮርኩ ድል ከአሸናፊነቱ በላይ ለፓሪስ የቀረበ ምስክር ነበር። ምስክሩም ብቻውን አልነበረም። ይህ ሰው በሪዮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ፣ በ2009 ዓ.ም. በለንደን የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ብር፣ በ2014 ዓ.ም. በዩጂን ወርቅ ያገኘ ነው። የሰሞኑ ድል ከኋላው ካለው የብዙ ዓመት ሥራ ጋር ሲገጥም ምስክሩ አንድ መሆኑ ይቀርና ብዙ ይሆናል።

የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሲሳይ ተጎዳ፤ ታምራትም በቦታው ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን በዳገቱ ላይ ጓደኞቹን ጥሎ ወጣ፤ በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰበረ። ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ ካሸነፈ ወዲህ የማራቶን ወርቅ ለኢትዮጵያ ወንዶች ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ደሬሳ አምስተኛ ወጣ፤ በለንደኑ ሁለተኛነት የተመረጠው ቀነኒሳ 39ኛ ሆነ።

ፍጻሜውን አይቶ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኛም መራጮቹን ለመውቀስ አልተነሣንም። ቫሌንሲያንና ቦስተንን ያሸነፈን ሰው ማን ይተዋል? ከዚህ ታሪክ እኛ የምናነሣው ሌላ ነገር ነው። ታምራት የተባለው «ተጠባባቂ» ነው እንጂ «ሂድ» አይደለም። ልምምዱን አላቋረጠም፤ እግሩን አላበረደም። በሩ ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ ሲሳይ በተጎዳ ጊዜ የሚጠራ ሰው ባልነበረም። የአገሪቱ ብቸኛ ወርቅ የወጣው ከሁለተኛው በር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንመልከት። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ቀነኒሳ በበርሊን 2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ፤ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን ያነሰው በ2 ሰከንድ ብቻ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ፣ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም.፣ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ሰበታ ላይ ተደረገ። ቀነኒሳ አልሮጠም፤ ስለዚህ አልተመረጠም። ቅሬታውንም በአደባባይ አሰማ፤ ማጣሪያው ለኦሊምፒኩ በጣም የቀረበ ነው የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «እንዴት ቀነኒሳ ይቀራል!» ብሎ ጮኸ። እኛ ግን ሁለቱን ነገር መለየት ይገባል እንላለን። ሕጉ ለታላቁም ለታናሹም እኩል መሠራቱ መልካም ነው፤ ስም ያለው ሰው ከማጣሪያ ይለፍ ከተባለ፣ በእንጦጦ ዳገት ላይ የሚያልበው ስም የለሽ ወጣት ምን ተስፋ አለው? ነገር ግን ሕግ እኩል ስለ ተሠራ ብቻ መልካም ሕግ ነው አይባልም። ከዋናው ውድድር በፊት ሦስት ወር ሲቀር 35 ኪሎ ሜትር በሙሉ ኀይል ማስሮጥ እግርን ያደክማል የሚለው ክርክር ዋጋ አለው። በዚያ ኦሊምፒክ በወንዶች ማራቶን ከሦስቱ ሜዳልያዎች አንዱም የእኛ አልሆነም።

በአንድ ቀን ማጣሪያ መምረጥ በሌላም አገር አለ። አሜሪካኖች በ1984 ዓ.ም. ለባርሴሎና ሲመርጡ፣ የዐሥር ስፖርቶች ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ዳን ኦብራየን በምርኩዝ ዝላይ ሦስቱንም ሙከራ ሳተ፤ ቀረ። ይማርበታል ያለ የለም፤ ሕጉ አስቀድሞ የታወቀ ነበርና። ከአራት ዓመት በኋላም በአትላንታ ወርቁን ወሰደ። ሕጉ ጨካኝ ነበር፤ ስውር ግን አልነበረም።

የራሳችንም የጥንት ታሪክ ሁለቱንም ያስተምራል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት 40 ቀን ያህል ብቻ ሳለ በቶኪዮ ተሰለፈ። የሰሞኑን ሁኔታ ብቻ ያየ ሰው ባስቀረው ነበር፤ እርሱ ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሁለተኛ ወርቁን አመጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ እንደገና በስሙ ታምኖ ተሰለፈ፤ እግሩ ታሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። እንግዲህ የቀድሞ ስም አንድ ጊዜ ያድናል፤ ሌላ ጊዜ ይከዳል። የሰሞን ድልም እንዲሁ ነው። በአንዱ ብቻ የሚመርጥ ሁሉ ተራው ሲደርስ ያፍራል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ቡድን በቅርቡ ያሸነፈን ሰው የመቀነስ መብት አለው፤ ሦስት ዕዳ ግን አለበት።

የመጀመሪያው፣ የሚመረጥበት መንገድ ከውድድሩ ዘመን በፊት በጽሑፍ ይታወቅ። ሰዓት ከሆነ ሰዓት፤ ማጣሪያ ከሆነ ማጣሪያ፤ የአሠልጣኝ ዐይን ከሆነም የአሠልጣኝ ዐይን ይባል። «አሠልጣኝ በወረቀት አይታሰርም፤ ሰዓት የማይነግረውን ነገር ያያል» የሚሉ አሉ፤ እውነትም ነው። እንግዲያው ከሦስቱ ቦታ አንዱ ለአሠልጣኙ ዐይን ይተው፤ ነገር ግን መተዉ አስቀድሞ ይነገር። ያልተነገረ ዐይን የዝምድና ዐይን ተብሎ ይጠረጠራል።

ሁለተኛው፣ የተቀነሰው ሰው ምክንያቱን ፊት ለፊት ይስማ። ስሙ ከዝርዝር መጥፋቱን ከሬዲዮ ወይም ከጓደኛው ስልክ የሚሰማ ወጣት የተነጠቀው ቦታ ብቻ አይደለም፤ ክብሩም ነው። «አንተን ያስቀረንህ በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ብታሻሽል እንደገና እናይሃለን» ማለት ምንም ወጪ የለበትም።

ሦስተኛው፣ ሁለተኛው በር ክፍት ይሁን። ክለብ ወጣቱን ሲያሰናብት ከነገ ጀምሮ ከመኝታውና ከምግቡ አያስወጣው፤ እግሩን የሚያሳይበት ሌላ ውድድር እስኪያገኝ የተወሰነ ጊዜ ይስጠው። ይህን የምንለው ስለ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። የፓሪሱ ወርቅ እንዳሳየን፣ ዛሬ አያስፈልግም የተባለው ሰው ነገ ብቸኛው የሚያስፈልግ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ለፌዴሬሽንና ለክለብ ምክር መስጠት ለተማሪ ይቀለዋል፤ ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። የኮሌጃችን የእግር ኳስም የሩጫም ቡድን በየዓመቱ ይታደሳል፤ በየዓመቱም በሁለት ግጥሚያ ሦስት ጎል ያገባ ልጅ ይቀነሳል፤ በሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ግን የተመረጡት ስም ብቻ ነው። የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ በሚቀጥለው ጊዜ ከስም ዝርዝሩ አስቀድሞ የመምረጫውን ደንብ እዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ለቀሩትም ተጠባባቂ ሆነው ከቡድኑ ጋር የሚለማመዱበትን ቀን ይንገራቸው። አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ከመፈለግ በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። ይህን በግቢያችን ማድረግ ካልቻልን፣ በታላላቆቹ ምርጫ ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ለመከራከር ምን አፍ ይኖረናል?