የደራሲዎቹንም ስም ጥሩልን

ለኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለሙዚቃ አዘጋጆች፣ እንዲሁም የአየር ሰዓት ወስዳችሁ ለምትሠሩ ተባባሪ አዘጋጆች



ዘፈን ስታስደምጡን የድምፃዊውን ስም ትነግሩናላችሁ፤ እሱንም ሰዓት ካልተጣበበ ነው። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ደረሰው፣ ማንስ አቀናበረው የሚለው ግን አይነሳም። "በሙዚቃ እንለያያለን" ተብሎ የተከፈተው ዘፈን ሳያልቅ ማስታወቂያ ይገባበታል፤ ዜና ሲደርስ ደግሞ ከመሃሉ ይቆረጣል። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ሬዲዮ ከፍቼ የምውል ሰው ነኝ፤ የምትሠሩትን ሥራ አከብራለሁ፣ ድምፃችሁንም እወደዋለሁ። ቅሬታዬን ለእናንተ ማቅረቤ ዛሬ በዘፈኑና በአድማጩ መካከል ቆሞ የሚናገር ሰው ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ካፌው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስጮኸዋል እንጂ አያስተዋውቀውም። ስልካችን ላይ የዘፋኙ ፎቶና የዘፈኑ ርዕስ ይታያል፣ ሌላው ባዶ ነው። እናንተ ግን ማይክራፎን አላችሁ።

ካሴት በነበረበት ዘመን ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የካሴቱን ልባስ ከፕላስቲኩ ስባችሁ ስትዘረጉት በውስጡ በደቃቅ ፊደል በየዘፈኑ ቁጥር ትይዩ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ ተብሎ ይጻፋል፤ ከታች ቅንብሩን የሠራው፣ ጊታርና ሳክስፎን የተጫወቱት፣ የቀረጸው ሰው ሳይቀር ይሰፍራል። ከደንበኞቻችን መካከል ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ልባሱን አስዘርግተው የሚያነብቡ ነበሩ። ድምፃዊዋ ገና አዲስ ናት፣ ማንም አያውቃትም፤ ነገር ግን ልባሱ ላይ የይልማ ገብረአብን ግጥም፣ የአበበ መለሰን ዜማ ካዩ "ስጠኝ" ይላሉ፣ ሳይሰሙ። ማንን አምነው እንደሚገዙ ያውቁ ነበር። ይህ የሙዚቃ ሊቅነት አልነበረም። ሹፌሮች ነበሩ፣ ነርሶች ነበሩ፣ ደሞዝ በወጣ ቀን የሚመጡ ወታደሮች ነበሩ።

ልባሱ ካሴቱን ተከትሎ ሞተ። ሲዲ ለጥቂት ዓመታት ይዞት ቆየ፤ ከዚያ ፍላሽ ይዘን እየሄድን ዘፈን ማስጫን ጀመርን። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ከኮምፒውተሩ ላይ ፎልደሩን ጠቅልሎ ይገለብጥልናል፤ ቤት ስንደርስ የሚጠብቀን "ትራክ 03" የሚል ፋይል ነው። ዛሬ በቴሌግራም የሚላላከውም ከዚህ አይሻልም። አንድ ትውልድ ሙሉ እነዚህን ዘፈኖች በቃሉ እየዘፈነ ያደገው የደራሲዎቹን ስም አንዴም ሳይሰማ ነው። ብሔራዊ መዝሙራችንን እንኳ እንውሰድ። ግጥሙ የደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማው የሰሎሞን ሉሉ ምትኩ ነው። በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆመው ከሚዘምሩት ተማሪዎች ስንቱ ይህን ተነግሮት ያውቃል?

የካሴት ዘመን ለደራሲው የተመቸ ነበር እያልኩ አይደለም። ገጣሚው ሥራውን አስረክቦ አንድ ጊዜ የተስማማበትን ይቀበላል፣ በዚያው ያበቃል። ካሴቱ መቶ ሺህ ይሸጥ፣ ሃያ ዓመት ይደመጥ፣ ተጨማሪ ሳንቲም አይደርሰውም። በወጣ በሳምንቱም ቅጂው ጎዳና ላይ ነው። ሙዚቃ ቤቶችን ያዘጋቸው፣ አልበም ማሳተምን ያስፈራው ይኸው ነው። ነገር ግን ያኔ ገንዘቡ ቢቀር ስሙ ነበረ። አሁን ሁለቱም የሉም።

ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይናገር ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ለደራሲው ሥራው ሲሰራጭ የመፍቀድና የመከልከል መብት ሰጠው፤ ይህም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል ተሰብስቦ ለባለመብቶች እንዲከፋፈል መንገድ ከፈተ። ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ገንዘብ የማይጠይቀውን ክፍል ነው። ደራሲው የሥራው ባለቤት ተብሎ የመታወቅ መብት አለው። አዋጁ የሞራል መብት ይለዋል። ስሙን መጥራት ከአዘጋጁ ደግነት የሚመጣ ስጦታ አይደለም ማለት ነው። አዋጁን መጣስ የሚያስከትለው ቅጣትም እስከ ጽኑ እስራት ይደርሳል። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፤ የምለምናችሁ ነገር አገሪቱ አስቀድማ ተገቢ ነው ያለችውን መሆኑን እንድታዩልኝ ነው።

ስምና ገንዘብ ደግሞ የሚለያዩ አይደሉም። ሮያሊቲ በአብዛኛው የሚከፋፈለው በመዝገብ ነው። ጣቢያው በወሩ ውስጥ የትኛውን ዘፈን ስንት ጊዜ እንዳሰማ ይመዘግባል፣ መዝገቡን ለማኅበሩ ይልካል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ በዚያ ተሰልቶ ለግጥሙ፣ ለዜማው፣ ለቅንብሩ፣ ለድምፁ ይደርሳል። መዝገቡ ላይ የዘፋኙ ስምና የዘፈኑ ርዕስ ብቻ ከሰፈረ የገጣሚው ድርሻ ለማን ይሂድ? ነገ ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ቃል "እንከፍላለን" ብትሉ እንኳ ገንዘቡ የሚደርስበትን ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ ሰውየውን ከመዝገቡ ያወጣነው እኛው ነንና። መጀመሪያ መዳን ያለበት መዝገቡ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አቶ ግርማ በየነን አስቡልኝ። አምሃ እሸቴ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ስንሰማ፣ ከብዙዎቹ ዘፈኖች ጀርባ ያለው የፒያኖና የቅንብር እጅ የእሳቸው ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቀው አሜሪካ ኖሩ። እዚህ አገር ዘፈኖቹ መሰማታቸውን አላቆሙም፤ ስማቸው ግን ከጥቂት አዋቂዎች በቀር ከሰው አፍ ጠፋ። ፓሪስ ላይ የሚታተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ስብስብ ግን የድሮዎቹን ቀረጻዎች ሲያወጣ የአቀናባሪዎቹንና የባንዶቹን ስም ፈልጎ አብሮ ያትም ነበር። አማርኛ የማይሰማ ፈረንሳዊ ግርማ በየነ የሚባል አቀናባሪ መኖሩን ከሲዲው ጋር ከመጣው ደብተር ላይ አነበበ። በ2009 ዓ.ም. እሳቸው አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የሠሩት አልበም የዚያው ተከታታይ 30ኛ ሆኖ ወጣ። በዚያ ዕድሜያቸው ወደ መድረክ ተመለሱ። ስለ እሳቸው ደስ ይለኛል፣ ስለ እኛ ግን ያሳዝነኛል። ስማቸውን ይዞ ያቆየው የባዕድ አገር አሳታሚ ነው፤ ዘፈኖቹን በየዕለቱ ስናሰማ የኖርነው እኛ አይደለንም።

አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ደግሞ አለ። የዘሪቱ ከበደንና የእዮብ መኮንንን አልበሞች የሰማ ሁሉ እጁን ያውቀዋል። እሱና ባልደረቦቹ ተማርረው ብቻ አልተቀመጡም፤ አድማጩ በስልኩ ከፍሎ የሚያወርድበትን አውታር የተባለ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ አዋሉ። ኤልያስ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ አረፈ። ባረፈ ሰሞን ጣቢያዎቻችሁ ስለ ሥራዎቹ ምን ያህል እንደተናገራችሁ አስታውሳለሁ፤ ከልባችሁም ነበር። የትኞቹን ዘፈኖች እንዳቀናበረ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ግን በዚያ ሳምንት ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። አንድ አንጋፋ የሙዚቃ ሰው ይታመማል። ኩላሊት ይሆናል፣ ልብ ይሆናል። ቤተሰቡ አቅሙ ያልቃል፣ ወዳጆቹ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ ከዚያ ወደ እናንተ ይመጣሉ። እናንተም በራችሁን ትከፍታላችሁ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ደጋግማችሁ ታነባላችሁ፣ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ የሚደውሉትን በአየር ላይ ታስገባላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም እያለቀሳችሁ ትለምናላችሁ። ይህ መልካምነት ነው፤ ለአፍታም አላቃልለውም። ግን በዚያ ልመና መካከል ከበስተጀርባ የሚሰማው ምንድን ነው? የእሱ ሥራ ነው። ያው ዘፈን በየበዓሉ፣ በየሠርጉ ወቅት፣ በየምሽቱ የዘፈን ምርጫ ሰዓት ሲሰማ ኖሯል፤ በሱ ዙሪያ ማስታወቂያ ተሸጧል፣ ስፖንሰር ተገኝቷል። ለዚያ ሁሉ ዓመት የድርሻው ጥቂት ጥቂት ብር እየደረሰው ቢሆን ኖሮ፣ ሒሳብ ቁጥሩ ዛሬ በሬዲዮ ይነበብ ነበር ወይ? የገዛ ገንዘቡን ከልክለነው በእርዳታ ስም እንመልስለታለን። እሱም አቅፎን ያመሰግነናል። ከዚህ ምስጋና በላይ የሚያሳፍር ነገር አላውቅም።

ምን ልትሉኝ እንደምትችሉ አላጣሁትም። የአየር ሰዓት ውድ ነው፤ ተባባሪ አዘጋጁ በየወሩ ለጣቢያው የሚከፍለውን ለማግኘት ማስታወቂያ ሲያሳድድ ነው የሚውለው። ይገባኛል። ሦስት ስም መጥራት ግን አንድ የስልክ ቁጥር ከማንበብ አይረዝምም፤ የምንወደው አቅራቢ ሲጠራው ደግሞ የፕሮግራሙ ማጣፈጫ ይሆናል እንጂ አይሰለችም። የድሮ ዘፈኖች ደራሲ አይታወቅም ትሉኝ ይሆናል። የጥቂቶቹ በእርግጥ ጠፍቷል፣ የሕዝብ የሆኑም አሉ፤ እነሱን "የሕዝብ" ብላችሁ ጥሩ። የብዙዎቹ ግን በልባስ ላይ፣ በሸክላ ላይ፣ በሕይወት ባሉ ሙዚቀኞች ትውስታ ውስጥ አለ። የጎደለውን በአየር ላይ ብትጠይቁ አድማጭ ደውሎ ይነግራችኋል። ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ከሀገር ፍቅር የወጡ ሽማግሌዎች አሁንም ቤታቸው ተቀምጠው እናንተን ነው የሚያዳምጡት። ሳህሌ ደጋጎ የትኛውን እንዳቀናበሩ የሚነግራችሁ ሰው ዛሬ አለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል።

ክፍያውን በተመለከተ በአንድ ጀንበር ይፈጸም አልልም። ጣቢያውም መክሰር የለበትም፤ ከከሰረማ ዘፈኑን ማን ያሰማዋል። ግን ከማኅበሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ የምትችሉትን ተስማሙ፣ የተስማማችሁትንም በየዓመቱ ለአድማጭ ተናገሩ። እኛ አድማጮችም ነጻ አይደለንም፤ "ላክልኝ" ማለት ለምዶብናል፣ የምንወደውን ዘፈን ገዝተን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ስለ ራሳችን ጥፋት ብትወቅሱን እንሰማችኋለን፤ አፋችሁን ሞልታችሁ ለመውቀስ ግን ቀድማችሁ መክፈል ይኖርባችኋል።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ፣ ዘፈን ምርጫ በምታቀርቡበት ሰዓት፣ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ወይም በኋላ የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውንና የአቀናባሪውን ስም ጥሩ። ያሰማችሁትንም በዚያው ቅጽ ላይ እነዚሁን ስሞች ጨምራችሁ መዝግቡ። ዘፈኑንም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እስኪያልቅ ተዉት፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን ሳክስፎን የተጫወተ ሰው አለ።

ሙዚቃ ቤቱ ሲዘጋ የተረፉትን የካሴት ልባሶች አልጣልኳቸውም። ካርቶኖቹ ቤቴ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደብዝዘዋል፣ ብዙዎቹ ግን ይነበባሉ። የደራሲዎቹን ስም መመዝገብ እጀምራለሁ የሚል ጣቢያ ካለ፣ ልባሶቹን ይዤ መጥቼ ከአርካይቭ ሠራተኛችሁ አጠገብ ተቀምጬ አነብብለታለሁ። ክፍያ አልፈልግም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አድማጫችሁ